ጆሮ ዳኛ ሲሆን፦ ምርጥ ማንዶሊኖችን ሱቅ ገብቶ ስለማወዳደር

ሁለት ማንዶሊኖች ግድግዳው ላይ ጎን ለጎን ተሰቅለዋል። አንደኛው የውሃ ጠብታ የመሰለ፣ ጌጥ ያልበዛበት ነው። ሁለተኛው በግራ ትከሻው በኩል እንደ በግ ቀንድ የተጠቀለለ ቅርጽ አለው፤ በሌላው ጎኑ ደግሞ ሹል ጫፎች አውጥቷል። ሁለቱም የአንድ ሠሪ ሥራ ናቸው። የእንጨታቸው ዓይነት፣ የድምፅ ቀዳዳቸው፣ የክራቸው ርዝመት አንድ ነው። ዋጋቸው ግን በሺዎች ዶላር ይለያያል። ባለሱቁ «የወደዱትን አውርደው ይሞክሩ» ይላል።

አብዛኞቻችን በዚህ ጊዜ የምናደርገው ይታወቃል። ውዱን እናወርዳለን፤ የምንችለውን ፈጣን ዜማ እንጫወታለን፤ በሁለት ደቂቃ ውስጥም ልባችን ይፈርዳል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ እንዲህ የተገዛ መሣሪያ ብዙውን ጊዜ በስድስተኛው ወር ሣጥኑ ውስጥ ተኝቶ ይገኛል። ይህ ጽሑፍ ሌላ መንገድ ያሳያል። ማወዳደር ማለት ልናውቀው ከፈለግነው አንድ ነገር በስተቀር ሌላውን ሁሉ እኩል ማድረግ ነው። እዚህ ላይ ልናውቀው የፈለግነው ድምፁን ነው፤ ዋጋው፣ ስሙና መልኩ ግን እያንዳንዳቸው ከድምፁ ቀድመው ሊናገሩ ይፈልጋሉ።

የምናወዳድረው ምንድን ነው?

ማንዶሊን ስምንት ክሮች አሉት። ሁለት ሁለት እየሆኑ በአራት ጥንድ ይቀመጣሉ፤ የአንድ ጥንድ ክሮችም አንድ ዓይነት ድምፅ ይሰጣሉ። ቅኝቱ ከቫዮሊን ጋር አንድ ነው፤ ከወፍራሙ ጀምሮ ጂ፣ ዲ፣ ኤ፣ ኢ። በተለመደው የክር ዓይነት ቀጭኑ ክር 0.28 ሚሊ ሜትር፣ ወፍራሙ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት አለው። ስምንቱ ክሮች ተወጥረው ሲቃኙ ጠቅላላ ጉልበታቸው ከ70 ኪሎ ግራም ክብደት ይበልጣል። ይህን ጫና የሚሸከመው የፊት ገበታ ውፍረቱ የጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ገበታው ከወፈረ ድምፁ ይታፈናል፤ ከሳሳ ደግሞ ከጊዜ በኋላ ይሰምጣል። ለምርጥ ማንዶሊን ከሚከፈለው ገንዘብ ትልቁ ድርሻ የሚሄደው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለችውን ጠባብ መንገድ ለሚያውቅ እጅ ነው።

የጥንቱ ማንዶሊን የጣሊያኗ የኔፕልስ ልጅ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የቪናቺያ ቤተሰብ ሠሪዎች ስማቸውን ያስጠሩበት ያ መሣሪያ ጀርባው እንደ ግማሽ ቅል የጎበጠ ነበር። ዛሬ በአሜሪካ ሱቆች የምናየውን ቅርጽ ያመጣው ኦርቪል ጊብሰን ነው። በሚሺጋን ግዛት በካላማዙ ከተማ ይሠራ የነበረው ይህ ሰው የቫዮሊንን ምሳሌ ተከትሎ የፊቱንም የጀርባውንም ገበታ ከወፍራም እንጨት ፈልፍሎ ያወጣ ነበር። በ1898 (ዓመቶቹና ቀኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለአሠራሩ የፈጠራ መብት አገኘ፤ በ1902 ደግሞ በስሙ የተጠራው ኩባንያ ተቋቋመ።

ከሃያ ዓመት በኋላ በዚያው ኩባንያ ይሠራ የነበረው ሎይድ ሎር «ኤፍ 5» የተባለውን ማንዶሊን ይዞ መጣ። በመሃል የነበረውን ሞላላ ቀዳዳ ትቶ እንደ ቫዮሊን ሁለት ቀጫጭን ቀዳዳዎች በጎንና በጎን አደረገ። አንገቱን ወደ ውጭ አስረዘመው፤ በዚህም ምክንያት ክሮቹን የሚሸከመው ብርኩማ ወደ ገበታው መሃል ተጠጋ። ገበታው ከመሃሉ ሲነዳ ድምፁ ይበልጥ ጥርት ብሎ ይወጣል። ሎር ከሰኔ 1922 እስከ ታኅሣሥ 1924 ድረስ መርምሮ በፊርማው ያጸደቃቸው የኤፍ 5 ማንዶሊኖች ዛሬ ከመቶ ሺህ ዶላር በላይ ይጠየቅባቸዋል። በየሱቁ የሚገኝ ባለሁለት ቀዳዳ ባለቀንድ ማንዶሊን ሁሉ በአንድም በሌላም መንገድ የዚያ ሥራ ዘር ነው።

ሎር ካጸደቃቸው አንዱ ሐምሌ 9 ቀን 1923 የተፈረመበት ነው። የኬንታኪው ቢል ሞንሮ በ1940ዎቹ ማያሚ ውስጥ አንድ ፀጉር ቤት ተቀምጦ አግኝቶት በ150 ዶላር ገዛው። ብሉግራስ የሚባለውን የሙዚቃ ስልት የመሠረተው በዚያ መሣሪያ ነው፤ ዛሬ በናሽቪል የካንትሪ ሙዚቃ ሙዚየም ይገኛል። ታሪኩን ያነሣሁት ለዋጋ ጉዳይ ነው። በፀጉር ቤት የ150 ዶላር ዋጋ የተለጠፈበትና በሙዚየም የተቀመጠው ያው አንድ እንጨት ነው። የተለወጠው ሰዎች ስለ እሱ የሚያውቁት ነገር ነው።

ዓይን የሚከፍለውና ጆሮ የሚከፍለው

ከግድግዳው ወደ ወረዱት ሁለት ማንዶሊኖች እንመለስ። ለምሳሌ በቴክሳስ ኦስቲን የሚገኘው የኮሊንግስ ፋብሪካ «ኤም ቲ» የተባለውን ባለጠብታ ቅርጽና «ኤም ኤፍ» የተባለውን ባለቀንድ ቅርጽ ይሠራል። ሁለቱም ባለሁለት ቀዳዳ ናቸው፤ ገበታቸውም ተፈልፍሎ የወጣ ነው። ባለቀንዱ ዋጋው በጣም የሚወደደው ቀንዱን መጠቅለል፣ ጠርዙን በቀጭን ጥብጣብ መክበብና ኩርባዎቹን ማለስለስ ብዙ የእጅ ሰዓት ስለሚበላ ነው። ድካሙ እውነተኛ ነው፤ ውበቱም እንዲሁ። የመሣሪያን ውበት መውደድ የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ ያማረ መሣሪያ ዘወትር ያስነሣናል። ነገር ግን ከዋጋው ምን ያህሉ ለዓይን፣ ምን ያህሉ ለጆሮ እንደተከፈለ ገዢው ለይቶ ሊያውቅ ይገባል።

ለጆሮ የሚከፈለው በዋናነት ሦስት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው እንጨቱ ነው። የፊት ገበታው ብዙውን ጊዜ ስፕሩስ ከተባለው ቀላልና ግትር እንጨት፣ ጀርባውና ጎኑ ከጠንካራው ሜፕል ይሠራል። ሁለተኛው ከገበታው በታች የሚለጠፉት ድጋፎች ናቸው። ሁለት ዘንጎች ርዝመቱን ይዘው ሲወርዱ አንድ ዓይነት፣ መስቀል ሠርተው ሲያልፉ ሌላ ዓይነት ድምፅ ይሰጣሉ። ሦስተኛው የድምፅ ቀዳዳው ነው። ሁለት ቀጫጭን ቀዳዳ ያለው ድምፁን ወደፊት ይወረውራል፤ ቶሎ ይነሣል፤ ቶሎም ይበርዳል። ባለሞላላ ቀዳዳው ደግሞ ክብ ያለ፣ ወፍራም ክሮቹ ላይ ሞቅ ያለ፣ ረዘም ብሎ የሚቆይ ድምፅ አለው። ይህ በአብዛኛው የሚሠራ ደንብ ነው፤ እያንዳንዱ መሣሪያ ግን የራሱ ጠባይ ስላለው መሞከሩ አይቀርም።

ወደ ሱቅ ሲሄዱ

በመጀመሪያ የራስዎን ፒክ ይዘው ይሂዱ። ክሩን የሚነካው ፒኩ ስለሆነ የድምፁን ቀለም ከምንም ነገር በበለጠ ፍጥነት ይለውጣል። ቀጭንና ተጣጣፊ ፒክ ሹል ድምፅ ይሰጣል፤ ጥጉ የተድበለበለና ወፈር ያለው የለሰለሰ ድምፅ ያወጣል። አንዱን ማንዶሊን በሱቁ ፒክ፣ ሌላውን በራስዎ ቢመቱ ያወዳደሩት ፒኮችን ነው።

ሁለተኛ፣ ሱቁ ጸጥ የሚልበትን ሰዓት ይምረጡ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አጠገብዎ ሦስት ጊታሮች ሲንኳኩ ጥሩ ጆሮም ይሳሳታል። በናሽቪል ከ1970 ጀምሮ የቆየው ግሩን ጊታርስም ሆነ ዛሬ በላንሲንግ ሚሺጋን የሚገኘውና በ1972 የተከፈተው ኤልደርሊ ኢንስትሩመንትስ እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች ተሰብስበው የሚገኙባቸው ቤቶች ናቸው። እንዲህ ያለ ቤት ሲገቡ በሥራ ቀን ጠዋት መሄድና ምን እንደሚፈልጉ አስቀድሞ መናገር የተሻለ ነው።

ሦስተኛው የሥነ ምግባር ጉዳይ ነው። ከማውረድዎ በፊት ያስፈቅዱ። የቀበቶ ዘለበት፣ የጃኬት ዚፕና ቀለበት የመሣሪያውን ቀለም ይጭራሉ፤ ያውልቋቸው ወይም ይሸፍኗቸው። በባለሙያ እጅ ብዙ ወር የተደከመበትን ነገር በአክብሮት የሚይዝ ሰው ባለሱቁም ከጓዳ ያለውን አውጥቶ ያሳየዋል።

ሚዛኑን ማስተካከል

አሁን ሁለቱ ማንዶሊኖች ፊትዎ ናቸው። ገና አይጫወቱ፤ ይቃኙ። ሁለቱንም በአንድ የኤሌክትሮኒክ መቃኛ፣ ኤ ክሩን 440 ኸርዝ ላይ አድርገው ይቃኙ። በማንዶሊን ላይ ይህ ከሌላው መሣሪያ ይልቅ ያስፈልጋል፤ የአንድ ጥንድ ሁለት ክሮች በጥቂቱ እንኳ ከተለያዩ ድምፁ ይንቀጠቀጣል፤ ይደፈርሳልም። ጉድለቱ የቅኝቱ ሆኖ ሳለ ፍርዱ እንጨቱ ላይ ይወድቃል።

ቀጥሎ ክሮቹን ይዩ። ወራት የቆዩ ክሮች ጠቁረው፣ ሲነኩ ሻካራ ሆነው ይገኛሉ፤ ድምፃቸውም ይደነዝዛል። አዲስ ክር የለበሰ መካከለኛ ማንዶሊን አሮጌ ክር የለበሰን ምርጥ ማንዶሊን ሱቅ ውስጥ ሊያሸንፈው ይችላል። ልዩነቱ ከታየ ባለሱቁን «ክሩን ይቀይሩልኛል?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ብዙ ሺህ ዶላር ለሚከፈልበት ነገር የአንድ ጥቅል ክር ዋጋ ኢምንት ነው።

ከዚያ ብርኩማውን ይመርምሩ። በማንዶሊን ላይ ብርኩማ፣ ተጫዋቾች ብሪጅ የሚሉት፣ እንደ ክራሩ ሁሉ በማጣበቂያ አይያዝም። የክሮቹ ጫና ብቻ ነው ገበታው ላይ የሚያቆመው። ስለዚህ ክር ሲቀየር ወይም መሣሪያው ሲጓጓዝ ሊንሸራተት ይችላል። መፈተኛው ቀላል ነው። 12ኛው ፍሬት (አንገቱን አቋርጦ የሚያልፈው የብረት ዘንግ) ላይ ክሩን ሳይጫኑ በጣት ነካ አድርገው ይምቱ፤ እንደ ደወል የጠራ ድምፅ ይሰማል። ከዚያ እዚያው ላይ ተጭነው ይምቱ። ሁለቱ ድምፆች እኩል ከሆኑ ብርኩማው ቦታው ላይ ነው። የተጫኑት ከፍ ካለ ብርኩማው ከአንገቱ ትንሽ መራቅ፣ ዝቅ ካለ ደግሞ መጠጋት አለበት። ይህ በደቂቃዎች የሚስተካከል ነገር ስለሆነ በዚህ ምክንያት አንድን ማንዶሊን «አይቃኝም» ብሎ መጣል ፍርደ ገምድልነት ነው።

ፈተናው፦ ከአንድ ድምፅ ወደ ዜማ

ፈጣን ዜማ ጉድለትን ይሸፍናል፤ ስለዚህ ከዝግታ ይጀምሩ። አንድ ጥንድ ክር ብቻ ይምቱና ድምፁ እስኪሞት ይጠብቁ። አነሣሡ እንዴት ነው? መሃሉስ? ሲጠፋ በእርጋታ ይከስማል ወይስ ተቆርጦ ይቀራል? ያንኑ በሁለተኛው ማንዶሊን ይድገሙ። ከዚያ በአራቱም ጥንድ ላይ ያድርጉት። የጥሩ ማንዶሊን አራቱ ጥንድ ክሮች እንደ አንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ ድምፃቸው ቢለያይም መልካቸው ይመሳሰላል። ወፍራሙ ጂ ደብዝዞ ኢ ብቻውን የሚጮህበት መሣሪያ ዜማው ከክር ወደ ክር ሲሻገር የተለየ ሰው የተቀበለው ያስመስላል።

ቀጥሎ በእኛ ቅኝት የሚሠራ አንድ ፈተና ላሳይዎ። ትዝታ ሜጀርን ከጂ ተነሥተው ይጫወቱ፤ ድምፆቹ ጂ፣ ኤ፣ ቢ፣ ዲ፣ ኢ ናቸው። ልብ ይበሉ፤ ማንዶሊኑ በባዶ ክር የሚሰጣቸው አራቱም ድምፆች እዚህ ውስጥ አሉ። ስለዚህ አንዱን ሲመቱ ሌሎቹ ክሮች ሳይነኩ ያስተጋባሉ፤ መሣሪያው በሙሉ ይዘምራል። አሁን ያንኑ ዜማ ግማሽ ድምፅ ከፍ አድርገው ከኤ ፍላት ይጀምሩት። አንድም ባዶ ክር አይገኝም፤ እያንዳንዱን ድምፅ በጣት ተጭነው ማውጣት ግድ ነው፤ የባዶ ክሮቹ እርዳታም ይቀንሳል። በመጀመሪያው ጊዜ ሁለቱ ማንዶሊኖች እኩል መስለው ከነበረ በሁለተኛው ልዩነታቸው ይገለጣል። አንዱ ሞገሱን እንደያዘ ይቆያል፤ ሌላው ይደርቃል። የሠሪው ችሎታ ጎልቶ የሚሰማው እዚህ ነው።

ከዚህ በኋላ ትሬሞሎ ይሞክሩ። የማንዶሊን ድምፅ ቶሎ ስለሚጠፋ ረጅም ድምፅ የሚያዘው ክሩን ወደ ታችና ወደ ላይ ደጋግሞ በመምታት ነው። በጣም ዝግ አድርገው ይጀምሩ፤ ቀስ ብለው ያሳድጉት፤ መልሰው ያውርዱት። ምርጥ መሣሪያ በሹክሹክታም ቃሉ ይሰማል፤ ሲገፋም አይንጫጫም። በመጨረሻ ቾፕ የሚባለውን ይምቱ። አራቱንም ጥንድ በጣቶች ይዞ መትቶ ወዲያው ጣትን በማላላት የሚወጣ ደረቅና አጭር ምት ነው። ከበሮ በሌለበት የብሉግራስ ባንድ ውስጥ ሁለተኛውንና አራተኛውን ምት የሚይዘው እሱ ነው።

ጆሮ እንዴት ይታለላል?

ጆሮ ሐቀኛ ቢሆንም ብቻውን አይፈርድም። በ2010 በኢንዲያናፖሊስ ከተማ ተመራማሪዋ ክላውዲያ ፍሪትስና ቫዮሊን ሠሪው ጆሴፍ ከርቲን ከባልደረቦቻቸው ጋር 21 የቫዮሊን ተጫዋቾችን ፈተኑ። ሦስት አዳዲስና ሦስት ጥንታዊ ቫዮሊኖች ቀረቡ፤ ከጥንታዊዎቹ ሁለቱ የስትራዲቫሪ፣ አንዱ የጓርኔሪ ነበሩ። ተጫዋቾቹ ብርሃኑ በደበዘዘ የሆቴል ክፍል ውስጥ የበያጅ መነጽር አድርገው ተጫወቱ፤ የእንጨቱ ሽታ እንዳያሳብቅ እንኳ ሽቶ ተደርጎበት ነበር። በ2012 በታተመው ውጤት አብላጫ የተመረጠው ከአዲሶቹ አንዱ ነበር፤ ከሁሉ ያነሰ የተመረጠው ደግሞ ስትራዲቫሪ ነበር። ከዚህ የምንማረው ጥንታዊው መጥፎ ነው የሚል አይደለም። ስሙን ያወቀ ጆሮ ስሙን ጭምር እንደሚሰማ ነው።

ይህን ሱቅ ውስጥም ማድረግ ይቻላል። ወዳጅ ይዘው ይሂዱ። ጀርባዎን ሰጥተው ይቀመጡ፤ ወዳጅዎ ወይም ባለሱቁ አንድ ዓይነት አጭር ዜማ በሁለቱም ይጫወትልዎ፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳይነግርዎ ቅደም ተከተሉን እየቀያየረ። እርስዎ ወረቀት ላይ ይመዝግቡ። የድምፅ ቀለም ትዝታ ቶሎ ስለሚደበዝዝ ዜማው አጭር፣ ልውውጡ ፈጣን ይሁን። አምስት ስድስት ጊዜ ተደጋግሞ አንዱን ብቻ ከመረጡ ጆሮዎ በእርግጥ የሚለየው ነገር አለ። ምርጫዎ ከተዘበራረቀ ግን የሺዎቹ ዶላር ልዩነት ለጆሮዎ እንዳልተከፈለ ያውቃሉ።

ይህ አቀማመጥ ሌላም ጥቅም አለው። የማንዶሊን ድምፅ ወደ ፊት ነው የሚሄደው፤ ተጫዋቹ ከላይ ሆኖ የሚሰማው ሌላ፣ ሦስት ሜትር ርቆ የተቀመጠው አድማጭ የሚሰማው ሌላ ነው። አንድ ማታለያ ግን ይጠንቀቁ። ትንሽ ጮክ ያለ ድምፅ ሁሉ ለጆሮ «የተሻለ» ይመስለዋል። ስለዚህ ጮክ የሚለውን ቀስ ብለው ያስመቱትና እንደገና ያወዳድሩ።

የማን ሥራ ይሠራል?

እስካሁን ያየነው የትኛው ምን ዓይነት ድምፅ እንዳለው ነው። የመጨረሻው ጥያቄ ግን ለምን ሥራ ነው የሚለው ነው። ከባንጆና ከፊድል ጋር ተሰልፎ ለሚጫወት የብሉግራስ ሰው ባለሁለት ቀዳዳው ቁርጥ ያለ ቾፕ የግድ ነው። በእስራኤል ቤርሳቤህ የተወለደው አቪ አቪታል ባኽንና ቪቫልዲን የሚጫወተው አሪክ ከርማን የተባለ እስራኤላዊ በሠራለት ማንዶሊን ነው፤ የሚፈልገውም ሌላ ዓይነት ድምፅ ነው።

የእኛስ? ማንዶሊን ለአገራችን ሙዚቃ እንግዳ አይደለም። በዜማና ግጥም ደራሲነቱም የሚታወቀው አየለ ማሞ ይህን ትንሽ መሣሪያ በአማርኛ ዘፈን ውስጥ ቦታ አስይዞታል። ትዝታን፣ አምባሰልን ወይም ባቲን ለሚጫወት ሰው ዋናው ነገር ዜማው ነው፤ ድምፁ ቶሎ ሳይበርድ ቀጣዩን እስኪቀበል መቆየቱ፣ ወፍራሙም ክር ሞቅ ብሎ መደገፉ። ለዚህ ሥራ ባለሞላላ ቀዳዳና ባለጠብታ ቅርጽ የሆነው፣ ዋጋውም ከባለቀንዱ ብዙ የሚያንሰው ማንዶሊን ይበልጥ ሊስማማ ይችላል። ብዙ ገዢ ግን ታዋቂዎቹ የያዙትን ባለቀንድ ስለሚፈልግ እሱን ሳያወርደው ያልፋል። እኔ የምመክረው ቢያንስ አንድ ባለሞላላ ቀዳዳ ማንዶሊን ከማወዳደሪያው ውስጥ እንዲያስገቡ ነው።

ሱቁ ውስጥ ያለው አየር ቤትዎ ካለው እንደሚለይም ያስቡ። ተፈልፍሎ የተሠራ እንጨት እርጥበቱ ከ40 እስከ 50 በመቶ በሆነ አየር ይመቸዋል። በክረምት ማሞቂያ የሚነድበት የሚኒሶታ ቤትም ሆነ ደረቁ የአዲስ አበባ በጋ ከዚህ በታች ሊያወርደው ይችላል። እርጥበት መስጫ ከሣጥኑ ጋር ይግዙ። «ሲቆይ ይከፈታል» የሚለውን ተስፋ ደግሞ የዋጋው አካል አያድርጉት፤ ብዙ ተጫዋቾች እንደዚያ ያምናሉ፤ እርስዎ የሚከፍሉት ግን ዛሬ ለሚሰሙት ድምፅ ነው።

ሁለቱን ከለዩ በኋላ ወጥተው ቡና ይጠጡ። ጆሮ ይደክማል፤ ከአንድ ሰዓት ሙከራ በኋላ ሁሉም አንድ ይመስለዋል። በማግስቱ ይመለሱ፤ ጠዋት በንጹሕ ጆሮ አንድ ድምፅ ይምቱና እስኪከስም ይጠብቁ። ትላንት የመዘገቡት ወረቀትና የዛሬው ጆሮ ከተስማሙ ገንዘብዎን ይቁጠሩ። ካልተስማሙ ማንዶሊኑን ወደ ግድግዳው ይመልሱ፤ ባለሱቁን አመስግነው ይውጡ። ጥሩ ባለሱቅ ተመልሰው እንደሚመጡ ያውቃል።